የአባቴ ዘፈን «ሕዝባዊ» ተብሎ ተለቀቀ፤ ለማን ነው የምጽፈው?

የመዝገብ ቤቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቀን ስለምተኛ መልስ ብዘገይ ንቀት አይምሰላችሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 22 ዓመት ሠርቷል። ቀን የሰው ደብዳቤ ይመዘግባል፤ ማታ ግጥምና ዜማ ይሠራል። በ1976 ዓ.ም. አንድ ድምፃዊ አራት ዘፈኖቹን ወስዶ ካሴት አወጣ። ለአራቱም በአንድ ላይ 300 ብርና አንድ ያገለገለ ቴፕ ሬኮርደር ተሰጠው። ቴፑን አስታውሰዋለሁ፤ ማጫወቻ ቁልፉ ወልቆ ስለነበር በማንኪያ እጀታ ነበር የምንጫነው። በ1992 ዓ.ም. በዲቪ ወደዚህ መጣን። እዚህ ከመጣ በኋላም ሦስት ዘፈን ሠርቶ ለአንድ የዋሽንግተን ድምፃዊ ሰጥቷል፤ እነሱም በሲዲ ወጥተዋል።

ባለፈው ጥቅምት ሜሪላንድ ውስጥ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። አንድ ልጅ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ዘፈን ሲያጫውት፣ አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይህ የእኔ ነው» አለኝ። የ1976ቱ ነው፤ ድምፃዊው ግን አዲስ፣ ቅንብሩም አዲስ፣ ሳክስፎን የገባበት። ልጁን ስልኩን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የድምፃዊው ስም አለ፣ የአቀናባሪው ስም አለ፣ በግጥምና ዜማ ደራሲው ቦታ ግን የተጻፈው «ሕዝባዊ» የሚል ነው።

ለአባቴ የነገርኩት መኪና ውስጥ ነው። የዊልሰን ድልድይን እስክንሻገር ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሕዝቡ መቼ ነው ሌሊት ተነሥቶ ሻማ አብርቶ የጻፈው?» አለኝ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በዚያ 300 ብር ሁሉንም ሸጧል ማለት ነው? የሚጻፈውስ ለማን ነው፤ ለድምፃዊው፣ ለመተግበሪያው ወይስ ለመንግሥት? ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የአሜሪካ ሕግ ተሻሽሏል፤ ደራሲው ያልታወቀ ዘፈን ገንዘቡን የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ» አለችኝ፤ እውነት ነው ወይስ ወሬ? አባቴ 79 ዓመቱ ነው። እሱ የሚፈልገው ስሙን ነው። እኔ ገንዘቡንም እፈልጋለሁ፤ አልዋሽም።

የፒያሳው ካሴት ሻጭ

ልጄ፣ ስለ አሜሪካው ሕግ የሚያውቁ ይመልሱልሽ፤ እኔ ስለ ካሴቱ ልንገርሽ። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሲዲው ዘመን ድረስ ካሴት ስሸጥ፣ ሳባዛ፣ ስጠግን ነው የኖርኩት። አሁን ሱቁ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል።

ያን ጊዜ ውል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ ነበር። ከደብተር ላይ የተቀደደ ወረቀት፤ «ለዚህ ዘፈን ግጥምና ዜማ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ይልና ፊርማ ይከተላል። አንዳንዱ አሳታሚ ብልጥ ስለነበር «መብቴን ሙሉ በሙሉ አስተላልፌያለሁ» የሚል መስመር ያስገባበታል፤ አብዛኛው ግን አያስገባም። ስለዚህ ወረቀቱ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አንብቢ። ገንዘብ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ መብት ማስተላለፍ ሌላ ነው። አባትሽ ለካሴቱ ሥራ ተከፍሏቸው ይሆናል እንጂ ለዘላለሙ ሸጠዋል ማለት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የካሴቱን ልባስ ፈልጊ። የዚያ ዘመን ልባስ በትንንሽ ፊደል ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ይጽፋል። ካሴቱ ቢበላሽ እንኳ ወረቀቱን ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። በደርግ ጊዜ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይታተምም ነበር። ግጥሙ ተገልብጦ ይቀርባል፣ ይነበባል፣ ማኅተም ይመታበታል። ከአንድ ሁለት ገጣሚ ቤት ያ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። እንድንፈራው ተብሎ የተሠራው ማኅተም ዛሬ ቀንና ስም የያዘ ማስረጃ ይሆናል። አባትሽ የመዝገብ ቤት ሰው ከሆኑ አልጣሉትም።

«ሕዝባዊ» የሚለው ነገር ደግሞ የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይምሰልሽ። በእኛም ጊዜ ደራሲውን ፈልጎ ማግኘት የሰለቸው፣ ወይም መክፈል ያልፈለገ «ሕዝባዊ» ብሎ ያልፋል። ሕዝብ መጥቶ አይከስም።

አገር ቤት አሁን አዋጅ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠብቃል። በ872/2007 ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ፣ ማለትም በሥራው ለመጠቀም ለደራሲው የሚከፈለው ገንዘብ፣ አሰባሰቡ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሆን መንገድ ተከፈተ። አባትሽ «ስሜ ይጻፍ» ማለታቸው በአዋጁ የሞራል መብት የሚባለው ነው፤ ከገንዘቡ ተለይቶ የቆመ መብት ነው።

ማዶ ሰፈር

እህቴ፣ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም፤ ግን ሺህ ጊዜ ቢደመጥ ለግጥምና ዜማ ደራሲው የሚደርሰው የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። እኔ የራሴን ሁለት ዘፈኖች አስመዝግቤ ነበር። ፎርም ሞላሁ፣ የይለፍ ቃል ጠፋብኝ፣ እንደገና ሞላሁ። ያገኘሁትን ገንዘብ በሞላሁት ሰዓት ብታካፍዪው እኔ ራሴ ለመተግበሪያው ዕዳ አለብኝ። ለአዲሱ ድምፃዊ፣ ለልጁ ደውለሽ ስሙን አስተካክል በዪው፤ በዚያ ይብቃሽ።

መዝጋቢዋ

ማዶ ሰፈር ስለ ገንዘቡ ማነስ እውነቱን ነው፤ «በዚያ ይብቃሽ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት በዚሁ ሥራ ነው፤ የዘፈን ድርሰት መዝገብ አስተካክላለሁ። ሥራዬ የፊደል ስህተት ማሳደድ ነው ብልሽ ይቀላል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንዱ ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው። የሳክስፎኑ ቅጂ የልጁ ነው፤ አባትሽም አይጠይቁትም። የእሳቸው ድርሰቱ ነው። ገንዘቡም በሁለት የተለያየ መንገድ ይሄዳል፤ ለቀረጻው የሚከፈለው ዘፈኑን ባስገባው ድርጅት በኩል ለልጁ ይደርሳል፤ ለድርሰቱ የሚከፈለው በዚያ በኩል አያልፍም። ብዙ የአገራችን ድምፃውያን ይህን ስለማያውቁ «ለዘፈኑ ተከፍሎኛል» ሲሉ ሁሉም የተከፈለ ይመስላቸዋል።

በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ በባለቤቱ ፈቃድ ተቀርጾ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው ፈቃድ ሳይለምን እንደገና ሊቀርጸው ይችላል፤ ግን ሕጉ ያወጣውን ክፍያ መክፈል አለበት። ይህ የተጀመረው በፒያኖ ነው። በራሱ የሚጫወት ፒያኖ ነበረ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የወረቀት ጥቅል ይጎርሳል። እ.ኤ.አ. በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይህ ጥቅል የዘፈኑ ቅጅ አይደለም» ብሎ ፈረደ፤ ደራሲዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በዓመቱ ምክር ቤቱ ሕግ አውጥቶ በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ወሰነላቸው። ያ 2 ሳንቲም እስከ 1978 እ.ኤ.አ. አልተነካም። ክፍያው ዛሬም «ሜካኒካል» የሚባለው ከዚያ መኪና የተነሣ ነው። ዳቦው ስንት ጊዜ እንደጨመረ አስቢ።

ሙዚቃው በኢንተርኔት መደመጥ ሲጀምር ይህ አሠራር ተሰበረ። ፈቃዱ የሚጠየቀው በየዘፈኑ ነበር፤ መተግበሪያዎቹ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘፈን በአንድ ጊዜ ይጭናሉ። የደራሲውን አድራሻ አላገኘንም ካሉ ለቅጅ መብት ቢሮው ማስታወቂያ ያስገቡ ነበር። ያስገቡት በአስር ሚሊዮኖች ነው። ማስታወቂያው እስከገባ ድረስ፣ ደራሲው በቢሮው መዝገብ እስኪገኝ ሳይከፍሉ ያጫውቱ ነበር። አንቺ ቨርጂኒያ ቁጭ ብለሽ፣ አባትሽ ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀይሩ «ያልተገኙ» ይባሉ ነበር ማለት ነው።

ባልደረባሽ የነገረችሽ ይህን ያስቀረውን ሕግ ነው። የሙዚቃ ማዘመኛ ሕግ ይባላል፤ ጥቅምት 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ተፈረመ። በእሱ መሠረት ሜካኒካል ላይሰንሲንግ ኮሌክቲቭ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ፤ ባጭሩ ኤምኤልሲ እንለዋለን። ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ መተግበሪያዎቹ ለሁሉም ዘፈን አንድ ጥቅል ፈቃድ ይወስዳሉ፤ ገንዘቡንና የተደመጠውን ዝርዝር በየወሩ ለኤምኤልሲ ያስረክባሉ። በዚያው ዓመት የካቲት ባለቤቱ ሳይታወቅ የተጠራቀመ ወደ 424 ሚሊዮን ዶላር አስረክበዋል። መመዝገብ ነጻ ነው። ወጪውን የሚሸፍኑት መተግበሪያዎቹ ስለሆኑ ከደራሲው ላይ ኮሚሽን አይቆረጥም። ኮሚሽን የሚጠይቅሽ ሰው ካጋጠመሽ እሱ ደላላ ነው።

ሕጉ ብዙ ነገር አስተካክሏል። ያላስተካከለው ነገር ግን የእኛን ሰው ይመታል። ድርጅቱ የሚከፍለው በመዝገቡ ላይ ላገኘው ስም ነው። የአማርኛ ዘፈን ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። «ጸ» ያለበትን ርእስ አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በቲና በዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። አንዱ በአዝማቹ የመጀመሪያ ቃል ይሰይመዋል፤ ሌላው በካሴቱ ርእስ። አንድ ዘፈን በአምስት ስም ተመዝግቦ አምስቱም ባለቤት አልባ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። የሰው ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ፎርሙ ግን ያለ እሱ አይሄድም። አንዱ በአባቱ ስም፣ አንዱ በአያቱ ስም ይሞላል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ባለቤት ያልተገኘለት ገንዘብ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይያዛል። ከዚያ በኋላ ሕጉ በገበያ ድርሻ እንዲከፋፈል ይፈቅዳል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ዘፈን ያስገባው ሳንቲም ብዙ ዘፈን ላላቸው ትልልቅ አሳታሚዎች ይደርሳል ማለት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሲያረቅቁ ጸሐይን በምን ፊደል እንደሚጽፉ የሚጨነቅ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

«ሕዝባዊ» ከተሳሳተ ስም ይከፋል። የተሳሳተ ስም ቢያንስ ባለቤት ይፈለግለታል። «ሕዝባዊ» ግን ባለቤት የለውም የሚል ምስክርነት ነው፤ አቀናባሪው «ሕዝባዊውን ያቀናበርኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሙሉውን በስሙ ሊያስመዘግበው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለልጁ ጻፊለት። በመተግበሪያው ላይ የሚታየውን ስም ማስተካከል የሚችለው ዘፈኑን ያስገባው እሱ ነው። ሌላም ልብ በዪ፤ ሕጉ ዘፈኑን እንደገና ለመቅረጽ ነው እንጂ ዋናውን ዜማ ወይም የዘፈኑን መሠረታዊ ባሕርይ ለመቀየር ፈቃድ አይሰጥም። ግጥም ለውጦ ከሆነ ንግግሩ ሌላ ነው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። በአዲስ አበባ የወጡት አራቱና እዚህ የወጡት ሦስቱ በአሜሪካ ሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። በ1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ መብት የሚጠብቁበት የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም፤ ከአሜሪካ ጋርም የቅጅ መብት ግንኙነት አልነበራትም። እዚያ ኗሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ እዚያው ያሳተመው ሥራ ያን ጊዜ እዚህ ጥበቃ አያገኝም። እዚህ ሲኖሩ የሠሯቸውና እዚህ የታተሙት ሦስቱ ግን ያለ ጥርጥር የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱን ዛሬውኑ አስመዝግቢ። የ1976ቱን ከማስመዝገብሽ በፊት የቅጅ መብት ጠበቃ አማክሪ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ለአርቲስቶች በነጻ የሚያማክሩ የበጎ ፈቃድ ጠበቆች አሉ። የስሙ ጉዳይ ጠበቃ አይጠብቅም፤ ስሙን ልጁ ነገ ሊያስተካክለው ይችላል።

ማዶ ሰፈር ላለው ደግሞ፦ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሁሉም ነገር በመቶኛ ስለሆነ ነው። መተግበሪያዎቹ ከገቢያቸው ለድርሰት የሚያወጡት በ2023 15.1 ከመቶ ነበር፤ ቀስ እያለ በ2027 15.35 ከመቶ ይደርሳል። የሩብ ከመቶ ትግል ነው። ደግሞ ኤምኤልሲ የሚሰበስበው የድርሰቱ ገንዘብ ከሚመጣባቸው ሁለት መንገዶች አንዱን፣ ሜካኒካሉን ብቻ ነው፤ ዘፈኑ በመደመጡ የሚከፈለው የክዋኔ ክፍያ እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ባሉ ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅቶች በኩል ይመጣል። በእንዲህ ያለ ድርጅት አባል ያልሆነ ደራሲ ያንን ያጣል። ከሁለቱ መንገዶች አንተ የትኛውን ነበር የሞላኸው?

ማዶ ሰፈር

አንዱን ብቻ። ሁለት መሆናቸውን የነገረኝ ሰው የለም። ተናድጃለሁ፤ ግን አመሰግናለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፤ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆኗል።

ጋሼ ካሴት ሻጭ፣ እንዳሉት ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ የካሴቱን ልባስ አገኘችው። የአባቴ ስም አለ፤ ከታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስም በላይ። የሳንሱሩን ወረቀት ደግሞ ማንም አልፈለገውም፤ አባቴ ራሱ ከመኝታ ክፍሉ አወጣው። 26 ዓመት አሜሪካ ይዞት ኖሯል፤ አንድም ቀን አላሳየኝም። ደረሰኙ ላይ «ለአራት ዘፈን የተከፈለ» ይላል፤ መብት ስለማስተላለፍ ምንም አይልም። ቴፑ አልተጠቀሰም።

መዝጋቢዋ፣ ሦስቱን አስመዘገብን። በስም ሳጥኑ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ተጣላን። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ ግሪን ካርዱ ላይ አንድ ተጨምሯል፣ ሲዲው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። «የእኔ ስም በአማርኛ አራት ፊደል ነው፤ የቀረው የእነሱ ችግር ነው» አለ። በመጨረሻ በግሪን ካርዱ ሞላሁት፤ ሌሎቹን በተጨማሪ ስም ሳጥን ውስጥ አስገባኋቸው።

ለልጁ ደብዳቤ ጻፍን። «ጻፍን» ስል አባቴ አስጻፈኝ። ስልክ ልደውል ብል «ቁጥርና ቀን የሌለው ነገር አልተባለም ማለት ነው» አለኝ። ከላይ «ቁጥር 1/2018» ብሎ ጀመረ፤ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት አለ፤ መዝገብ ቤቱ የወጥ ቤታችን መሳቢያ ነው።

ልጁ በሁለተኛው ቀን መለሰ። ጨዋ ልጅ ነው። ዘፈኑን ከእናቱ ነው የተማረው፤ ልብስ ስታጥብ ትዘፍነው ነበር። ካሴቱን አይቶት አያውቅም። ሕዝባዊ መስሎት ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ አስተካክላለሁ አለ። በንዴት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ባዶ ቀረ።

ያልጠበቅሁት ግን ከዚህ በኋላ መጣ። የልጁን መልስ ሳነብለት አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «አዝማቹን ግን» አለ። ምን ሆነ አዝማቹ? በ1963 ዓ.ም. እናቱ አገር ጎጃም ሠርግ ሄዶ ሚዜዎቹ ሲሉት ሰምቶ ወደደው። ወስዶ አራት ስንኝ ግጥም ጨመረበት፣ ዜማውን አስረዝሞ አዞረው። ልባሱ ላይ ግጥምና ዜማ ተብሎ ሙሉው በእሱ ስም ሲወጣ ዝም አለ። «ያኔ ማን ይጠይቃል» አለኝ። ስለዚህ «ሕዝባዊ» ያለው ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ አባቴም አልዋሸም። የልጁ እናት ልብስ ስታጥብ የዘፈነችው የትኛውን ክፍል ይሆን እያልኩ እያሰብኩ ነው። እንዴት ነው የሚጻፈው?

መዝጋቢዋ

በየቀኑ ይህን የሚናዘዝ ደራሲ ቢኖር ሥራዬ ግማሹ ይቀልልኝ ነበር። አባትሽን ከልብ አመስግኚልኝ። የሚጠይቁት የጨመሩትን ነው፤ ግጥሙንና አስረዝመው ያዞሩትን ዜማ። የሠርጉ አዝማች የማንም አይደለም፤ ልጁም በነጻ ሊዘፍነው ይችላል። ጠበቃ ካማከርሽ በኋላ ስታስመዘግቢው፣ በመዝገቡ ላይ በሕዝባዊ ዜማ ላይ የተመሠረተ አዲስ ድርሰት ተብሎ ይሞላል። ልጁም በመተግበሪያው ላይ ሁለቱንም ይጻፍ።

የፒያሳው ካሴት ሻጭ

ልጄ፣ ስንት ብር ሆነ ብዬ አልጠይቅም። የልባሱን ፎቶ ግን ላኪልኝ። ያንን ካሴት እኔ ራሴ ሳልሸጠው አልቀርም።

የመዝገብ ቤቱ ልጅ (ጠያቂ)

እልክልዎታለሁ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ አባቴ ስልኬን ተቀብሎ ዘፈኑን ከፈተ። ተስተካክሏል፤ «ግጥምና ዜማ» ይልና ስሙ አለ፣ ቀጥሎ «አዝማቹ ሕዝባዊ»። መነጽሩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስሙ ውስጥ አንድ ፊደል ተሳስቷል አለኝ፤ አሁን ቁጥር 2/2018ን እያስጻፈኝ ነው።